እማዬ የለቀለቀችው ግድግዳ

ሰኔ 5፣ 98 ዓ.ም.፣ ጠዋት

የፈተና ወረቀት ሳርም አመሸሁ። ገና አላለቀም። ወገቤ ደርቋል። መስኮቱ ሥር ክንፍ ተከምሯል፤ ትናንት ከዝናቡ በኋላ አምፖሉን ሲዞሩ ያመሹት ምስጦች ናቸው። ክንፋቸውን አራግፈው የት እንደገቡ እንጃ። ጠርጌ ደጅ ጣልኩት። እማዬ ምስጥ ሲበር ክረምቱ ጥሩ ይሆናል ትላለች። ይሁንላት።

ሰኔ 9

ጉድ ልንገርህ ደብተር። አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ብጎትት ታቹ መሬት ላይ ቀረ። ያለፈው ዓመት ደብተር፣ ወንድምህ፣ አልቋል። ሽፋኑ ብቻ ነው የተረፈው፣ ውስጡ አፈር። ለነገሩ ብዙም የሚበላ ነገር አልነበረውም፤ የጉንፋንና የዳይሬክተሩ ወሬ ነው። የአባዬ ፎቶ ግን አብሮት ነበር። ፊቱን በልተውታል፣ ክራቫቱን ትተውለታል። ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

አንተ ከዛሬ ጀምሮ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምታድረው።

ሰኔ 10፣ ቅዳሜ

ት/ቤት የለም። ቤቱን ዞርኩት። አባዬ በእጁ የሠራው ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ቆርቆሮ። ከውጭ ሲያዩት ሙሽራ ነው። እማዬ በየጊዜው በእበት ትለቀልቀዋለች፣ ሰፈሩም በስሟ የአዴ ብርቄ ግድግዳ እያለ ያደንቃል። አዲስ ልቅለቃ እዚህም እዚያም በዝቷል፣ ልብስ እንደተጣፈ። ዝናብ አጥቦት ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

በጓዳው በኩል ማገዶ ከግድግዳው ጋር ተደርድሯል። አነሳሁት። ከኋላው ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚወጣ፣ ጣት የሚያክል የአፈር መንገድ። በጥፍሬ ፈለጥኩት። ውስጡ ነጫጭ ነገር ይርመሰመሳል።

የእማዬን የስፌት ወስፌ ይዤ ገባሁና ምሰሶውን ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። ዳቦ የወጋሁ ነው የመሰለኝ። ምሰሶው የቆመው ደግሞ እማዬ ራስጌ ነው።

ሰኔ 12

ኦቦ ቶሎሳን ጠራሁት። ጎረቤታችን ነው፣ ቤት ይሠራል። አካም ቡልቴ እያለ ከእማዬ ጋር ሰላምታውን ሳይጨርስ መዶሻውን አወጣ። ምሰሶውን መታ። የባዶ በርሜል ድምፅ። ሪርማ ውስጡን ጨርሶታል አለ፣ ምስጡን ማለቱ ነው። እሱ እንደሚለው የሐምሌ ዝናብ ሳይበረታ ጣሪያው ወርዶ ምሰሶውና ወጋግራው መቀየር አለበት። ካልሆነ እማዬ ትውጣ።

እማዬ በኦሮምኛ ሥራ ፈት አለችው። ሳቀ። ወደ እኔ ዞረችና፣ «የአባትሽ አስከሬን በወጣበት በር ነው የምወጣው፤ ከዚያ በፊት ማንም አያስወጣኝም» አለች።

አዲስ ዓለም ያለው ወንድሜ ግርማ ጋ ደወልኩ። የአባቴ ቤት አይፈርስም፣ ለመስቀል ስመጣ አየዋለሁ አለ። እዚያ ሆኖ ማየት ቀላል ነው።

ሰኔ 17

ጋራዥ ሄጄ የተቃጠለ ዘይት ለምኜ መጣሁ። ቶሎሳ በየቋሚው ሥር ቆፈረ፣ እኔ አፈሰስኩ። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ማገዶውን አጥሩ ጋ አዛወርነው። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኩይሳ ደግሞ በዶማ አፈረሰው። ብዙ ከቆፈረ በኋላ ንግሥቷን አወጣ፤ ነጭ፣ ያበጠች፣ አውራ ጣት የምታክል፣ መንቀሳቀስ የማትችል። አካፋው ላይ አድርጎ አሳየን። እማዬ ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻት። ምስኪን፣ እሷንም አስወጧት አለችና ገባች።

ዘይቱን አፈሰስንባት። ዛሬ ደስ ብሎኛል። የገደልነው ይመስለኛል፣ ነገሩን ሁሉ።

ሐምሌ 2

አልገደልንም።

ከገበያ ቀድሜ ተመለስኩ። እማዬ በጓዳው በኩል ቁጢጥ ብላለች፣ የእበት ጣሳ አጠገቧ። አዲስ የአፈር መንገድ ወጥቶ በጣቷ እየለቀለቀችበት ነው። ስታየኝ እጇን እንኳ አልሰበሰበችም። ደረቁን ልቅለቃ በቢላዋ ፋቅሁት። ሥሩ የምስጥ መንገድ። ከእሱ ሥር ሌላ ልቅለቃ፣ ከዚያም ሥር መንገድ። ሰፈሩ የሚያደንቀው ግድግዳ ይኸው ነው።

ከአምናው መስቀል በፊት ጀምሮ ታውቃለች። ብቅ ባለ ቁጥር ትደፍነዋለች። ካየሁት ቤቱን አፍርሼ ግርማ ጋ የምጭናት መስሏት ነው። እውነቷን ነው፣ አደርገው ነበር።

ጮህኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኳት። በኔ ዕድሜ መድኃኒት ማን ይፈልጋል አለችኝ፣ ልቅለቃዋን ሳታቆም። እናቴን ጠላኋት፣ ለአንድ አፍታ። እዚህ ብጽፈው አንተ አትናገርም።

ሐምሌ 5

ዝናብ። ጣሪያ የሚወርድበት ቀን አጣን። ቶሎሳ ምሰሶውን በእርጥብ ባሕር ዛፍ ደገፈው፣ አልወደድኩትም አለ። አልጋዋን ከምሰሶው ሥር ጎትቼ ወደ ደጁ በር አመጣሁት። አኩርፋለች። ምሳም አልበላችም። እኔም አኮረፍኩ። በአንድ ቤት ሁለት አኩራፊ፣ ቆርቆሮው ብቻ ያወራል።

ሐምሌ 11፣ ማታ



ከሰዓት በረዶ ጣለ። ት/ቤት ለስብሰባ ጠርተውን ነበር። ስመጣ ሰው ተሰብስቧል። ጓዳው የለም። ግድግዳው ወደ ውስጥ ተኝቶ ቆርቆሮው ተጣጥፎበታል። ምሰሶው ከወገቡ ተሰብሯል፣ ውስጡ አፈር ብቻ። አልጋዋ በሩ ጋ ደህና ነው፣ ጭቃ እንኳ አልነካውም።

እሷ ግን አልጋዋ ላይ አልነበረችም። ዝናቡ ልቅለቃውን ሲያጥበው አይታ ጣሳዋን ይዛ ጓዳ ገብታለች። ቶሎሳና ጎረምሶቹ ከጭቃው ሥር አወጧት። ዳሌዋ ተሰብሯል። በቃሬዛ ሆስፒታል ወሰድናት። ነርሷ እጇን ስታጥባት እበቱ ከጥፍሯ ሥር አልለቅ አለ።

ሐምሌ 15

እንግዲህ በእግሯ አትሄድም አሉኝ ሐኪሙ። ሳንባዋም ውኃ ይዟል። ወደ ቤት ትመለሳለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ወደ ሌላ በሽተኛ ዞሩ።

ግርማ መጣ። የተሰበረውን ምሰሶ ይዞ አለቀሰ፤ ቀደም ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለመጣላት እንኳ አቅም አጣሁ፤ እንጀራ አቀረብኩለት።

ሐምሌ 19

ተወሰነ። ነገ ይፈርሳል። የቀረውም ግማሽ ቆሞ የበሰበሰ ነው፤ ቶሎሳ በየቋሚው መዶሻውን ሲያሳርፍ ያው የበርሜል ድምፅ ነው። እንጨቱን እዚያው እናቃጥለዋለን። ያልተነካው በሩ ብቻ ነው፤ አባዬ ከዋንዛ ነበር ያሠራው፣ አስከሬኑም በእሱ ነው የወጣው። ከነመቃኑ ተነቅሎ ቶሎሳ ቤት ይቀመጥ አልኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

እማዬ ምንም አታውቅም። ጓዳው ብቻ የወደቀ ነው የሚመስላት። ዛሬም ትንፋሿ እየተቆራረጠ ግድግዳውን ዝናብ አጠበው ወይ አለችኝ። ትራሷን አስተካከልኩ። ነገም ትጠይቃለች። ለቅልቄዋለሁ እላታለሁ። አታምነኝም፣ እኔ ለቅልቄ አላውቅም። እጄን ይዛ ታሸታለች።

ጠዋት ከቶሎሳ ላሞች ሥር እበት አነሳለሁ። እጄን ሳልታጠብ ነው እሷ ጋ የምሄደው።