በርጩማ ሰጠሁ እንጂ ልጅ አልሰጠሁም

ሰበታ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባሕር ማዶ ላለሽው ልጄ፣ ለድንቅቱ፤

«ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ደንብ ነበር። ዛሬ ደንቡን ልተወው። ደህና አይደለሁም፤ ግን ቆሜ እሄዳለሁ። ጽሑፌ ተንጋዶ ብታዪው አትደንግጪ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነው። ለምን እንደሆነ በተራው እነግርሻለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ። ቦቂቱ ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ እንደ እናቷ ግንባሯ ነጭ ነው። በአንድ እጅ ላም አይታለብምና ጎረቤታችን ጂቱ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታልብልኛለች። «አባባ ባጫ፣ ይሄን ሁሉ እንገር ማን ሊበላው ነው?» አለችኝ። አንቺ ልጅ ሳለሽ እንገር ስትበዪ አፍንጫሽ ሳይቀር ይጠግብ ነበር።

ድንቄ፣ በተጠጋሽባት ሴትዮ ስልክ ደውለሽ፣ ድምፄን ስትሰሚ ዘጋሽው። አልተቀየምኩሽም። ያልሽውን ጓደኛሽ ሐኒ ነግራኛለች። «አባቴ ሽማግሌ አይመልስም። ዳኜ ሽማግሌ ይልካል፣ አባቴም መልሶ ይሰጠኛል። አልመጣም» ነው ያልሽው። እውነትሽን ነው፣ እስከዛሬ ደጄ ላይ የቆመ ሽማግሌ እምቢታዬን ሰምቶ አያውቅም። እኔ ራሴም ስንት ደጅ ሳር ይዤ ቆሜያለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ጂቱ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ለሐኒ ትልካለች፣ ሐኒ ላንቺ። ጆሮሽ ድምፄን እምቢ ቢል ዓይንሽ እሺ ይበለኝ ብዬ ነው።

ለሰባተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ ዛንዚባር ስትሄዱ፣ አንቺንና ባልሽን ዳኜን፣ ሐኒና ባሏን ሞቲን፣ ቦሌ ድረስ የሸኘኋችሁ እኔ ነኝ። ዳኜ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ስሞ «አባቴ፣ ልጅዎን አሳርፌ አመጣታለሁ» አለኝ። መረቅሁት። መረቅሁት እኮ፣ ድንቄ!

ሐኒና ሞቲ ከደሴቲቱ እንደተመለሱ ቡራዩ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ። ሞቲ ከንፈሩ አብጧል፣ የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ የምትናገረው ሐኒ ነበረች። ባሕር የሚባለውን አይቼ አላውቅም፣ እሷ ስትነግረኝ ግን አየሁት። ከምሳ በኋላ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ስምንት እጅ ያለው የባሕር አውሬ ይዞ፣ ሥጋው እንዲለሰልስ ድንጋይ ላይ ይቀጠቅጠዋል። ያነሳዋል፣ ይፈጠፍጠዋል። ያነሳዋል፣ ይፈጠፍጠዋል። እናንተ ቆማችሁ ታያላችሁ።

«አያችሁ?» አለ ዳኜ። «ሚስትም እንዲህ ናት። ካልቀጠቀጧት አትለሰልስም።»

ሞቲ ሳቀ። ሐኒም ሳቀች፤ እኔ ቤት ሆና ስትነግረኝ ያለቀሰችው እዚህ ላይ ብቻ ነው። አንቺ ግን አልሳቅሽም።

«ያንተዋ ሰባት ዓመት ተቀጥቅጣ መች ለሰለሰች?» አልሽው።

ሰባት ዓመት የሸፈንሽውን በአንድ ቃል ገለጥሽው። እሱም ዘሎ መጣብሽ አለች ሐኒ። በጥፊ ጣለሽ፣ በጠጉርሽ ይዞ ውሃው ወገቡ እስኪደርስ ጎተተሽ፣ ከዚያ ጭንቅላትሽን ደፈቀው። አወጣሽ። ትንፋሽሽን ሳትጨርሺ መልሶ ደፈቀሽ። ሞቲ ሮጦ ከኋላው ሲይዘው፣ የጀልባ መቅዘፊያ አንስቶ አፉን አለውና ወደ አንቺ ተመለሰ። ዓሣ አጥማጆቹ ባይደርሱ፣ በገመድም ባያስሩት፣ ይህን ደብዳቤ ለማን እጽፈው ነበር? ስልክሽን ባሕር ውስጥ ወረወረው። ፖሊስ ሲጠይቅሽም ዝም አልሽ፤ ስለዚህ ለቀቁት፣ አውሮፕላኑን ተሳፍሮ አገሩ ገባ፤ አንቺ እዚያው ከሴትዮዋ ዘንድ ቀረሽ።

ከጥምቀት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። ጸበሉ ሲረጭ ፊትሽን ቀና አድርገሽ የተቀበልሽው አጠገቤ ቆመሽ ነው። ውሃ ለበረከት ብቻ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ።

እነሐኒ ከሄዱ በኋላ የእናትሽ ፎቶ ፊት ቆምኩ። ያለምወርቅ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የማነጋግረው እሷን ነው። «ሰማሽ?» አልኳት። ከዚያ ወጥቼ ማጭዱን አወረድኩና ስስል ዋልኩ። በጥር የሚታጨድ ሳር የለኝም። ለምን እንደምስለው ለራሴም አልነገርኩት። ውዳሴ ማርያም በአፌ፣ ማጭድ በእጄ። ስለቱ ፀጉር ሲቆርጥ አየሁና በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁለቱ የዳኜ አጎቶች ናቸው፣ ከሱሉልታ። ፊት ፊት የሚሄዱት ግን ኦቦ ሚልኬሳ ናቸው፤ የኛው ሰፈር ትልቅ ሰው፣ በየቤቱ ለእርቅ ስንሄድ ከፊቴ የሚቆሙት። ከሜዳው የነጩትን እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዳኜ ነጭ ጋቢ ደርቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ባጫ?» አሉኝ።

«ፈያ፣ ገለተ ዋቃ።»

ከሰላምታው ሌላ አልጨመርኩም። ደንቡን አንቺ ከእኔው ነው የተማርሽው። ሽማግሌ ሳሩን ይዞ ይቆማል። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ካለ የመጡበትን ሰጠ ማለት ነው፤ እምቢ ያለ ሰው አይናገርም፣ ዝም ብሎ ያቆማቸዋል። እኔም አቆምኳቸው። በጓሮው የቦቂቱ ጥጃ ትጮኻለች። ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ወጣች። አጎቶቹ ይሳሳላሉ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ፤ እንዲያ እያየሁ ነው የኦቦ ሚልኬሳን እግር ያየሁት። ባለፈው ክረምት በሬ የረገጠው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ሳሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ላብ በጺማቸው ይወርዳል።

አላስቻለኝም። በርጩማውን ስቤ ከኋላቸው አደረግሁና «ይቀመጡ እንጂ፣ ጉልበትዎ…» አልኩ።

ገና ከአፌ ሲወጣ አወቅሁት።

አጎቶቹ ሳይጠሩ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። «እሰይ! አለቀ!» አለ አንዱ። «ባጫን አታውቁትም አላልኳችሁም? ፊቱ ጓያ፣ ሆዱ እርጎ ነው!» ዳኜ ተንደርድሮ እግሬ ሥር ወደቀ። «አባቴ፣ አባቴ! በሉ አሁን ይደውሉላት። እርስዎ ነይ ካሏት ትመጣለች።» የከንፈሩ ሙቀት ጉልበቴ ላይ ተሰማኝ። ቦሌ ላይ የሳመው ያው ጉልበት።

«በርጩማ ሰጠሁ እንጂ ልጅ አልሰጠሁም» አልኩ።

ዳኜ ጉልበቴን ለቀቀና ቀና አለ።

«ምን አልክ?» አለ ያ አጎት። «ተቀመጡ ብለህ? ከአፍህ ወጥቶ? ባህል ልታፈርስ ነው?»

«ላፈርስ ነው።»

«ስንት ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ይሄን ይላል?»

እሱን ትቼ ወደ ዳኜ ዞርኩ። «እነዚህ አባቶች ሳር ይዘው የቆሙልህ ምን አድርገህ እንደሆነ ነግረሃቸዋል?»

«የባልና ሚስት ግጭት ነው አባቴ። ሙቀቱም ነው፣ መጠጡም አለ…»

«ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ደፍቀሃል አልደፈቅህም?»

ኦቦ ሚልኬሳ ከበርጩማው ብድግ አሉ። «ምን ውስጥ?»

«የሐኒ ወሬ ነው!» አለ ዳኜ። «ያቺ ቀጣፊ፣ ትዳር አፍራሽ!»

«የሞቲንስ ጥርስ ወሬ ነው ያረገፈው?» አልኩት።

ያኔ «አባቴ» ማለቱን ተወ። «አንተ ሽማግሌ፣ ሚስቴን ደብቀህ ታሾፍብኛለህ? አንተንም እደፍቅሃለሁ!» ብሎ ኦቦ ሚልኬሳ የተነሱበትን በርጩማ ከእግሮቹ አንዱን ይዞ አነሳው። ወደ ራሴ ሰነዘረ። ቀኝ እጄን አነሳሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚያሰማውን። ሕመሙ ቆይቶ ደረሰ። ሁለተኛውን ምት ኦቦ ሚልኬሳ መሐል ገብተው በግንባራቸው ተቀበሉት። ወደቁ። ሳሩን አልለቀቁም፤ ደማቸው በሳሩ ላይ ወረደ። አጎቶቹ «ኡኡ!» እያሉ ወደ አጥሩ በር ሮጡ። ሦስተኛውን ሊደግመኝ ሲዞር ጋቢው እግሩ ላይ ተጠምጥሞ በጀርባው ተዘረረ።

ግራ እጄ ማጭዱን መቼ ከግድግዳው እንዳወረደ አላውቅም። ደረቱ ላይ በጉልበቴ ወጣሁ። የማጭዱን ቆልማማ በአንገቱ ዙሪያ አጠለቅሁት፣ አንድ ጭብጥ ስንዴ እንደሚያዝ። የደም ሥሩ ከስለቱ ሥር ሲመታ ይታየኛል። ትንሽ ሳብ አደረግሁት። ቀይ ክር ወጣ። «አባቴ» አለኝ ደግሞ፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ።

ልጄ፣ ደስ አለኝ። አልዋሽሽም። ዶሮ ስባርክ እንኳ እጄ የሚከብደኝ ሰውዬ፣ ያን ጊዜ እጄ እንደ ላባ ቀለለኝ። እግዚአብሔርን አላሰብኩም፣ እናትሽን አላሰብኩም፣ አንቺንም እንኳ አላሰብኩም። የሚቀረኝ አንድ መሳብ ብቻ ነበር።

«ባጫ።»

ኦቦ ሚልኬሳ ናቸው። ደሙ ዓይናቸውን ሞልቶታል፤ እያዩኝ ይሁን ድምፄን እየተከተሉ አላወቅሁም። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው እየዳሁ መጥተው፣ የተጨማደደውን ሳር በእኔና በዳኜ ፊት መሐል ዘረጉት።

«ስለ ልጅህ መጣሁ፣ መለስከኝ። ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የመጣሁ። አሁን ግን ስለ ነፍስህ መጥቻለሁ። እምቢ አትበለኝ።»

እጄ ቶሎ አልታዘዘኝም። ሳሩ አፍንጫዬ ሥር ነበር፤ የሜዳና የደም ሽታ። ከዚያ ጣቶቼ አንድ በአንድ ተከፈቱና ማጭዱ ወደቀ።

ሰፈሩ ተሰብስቦ ዳኜን ያዘው። ኦቦ ሚልኬሳ ግንባራቸውን ተሰፍተው እንደወጡ ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። የቤት ገመና በቤት ይለቅ ሲሉ ያረጁት ሰውዬ ያዩትን ሁሉ ተናገሩ፤ የዳኜንም፣ የማጭዱንም። አጎቶቹም አልካዱም። እኔም ስጠየቅ አልደበቅሁም፤ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። ሞቲና ሐኒም ቃላቸውን ሰጥተዋል። ዳኜ ታስሯል። እስከ መቼ እንደሆነ ስለማላውቅ ቦሌ ላይ ብቻሽን አትወጪም፤ ሞቲና ሐኒ ይቀበሉሻል፣ በቀጥታ ወደዚህ ያመጡሻል።

ዛሬ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስባረ ዐፅም ነው። ቅዳሴ ቆሜ መጣሁ። ቀኝ እጄ አልነሳ አለኝ፤ በግራው እንዳላማትብ ምን ይዞ እንደነበር ትዝ አለኝና አንገቴን ብቻ ደፋሁ። የጻድቁ እግር ለጸሎት በመቆም ተሰበረ። የእኔስ እጅ? «ልጄን ስከላከል» እንዳልል፣ ከስብራቱ በኋላ የሆነው ፊቴ ይደቀናል። ስብራቱ ላንቺ ነበር፣ ልጄ። ማጭዱ ግን ላንቺ አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ማጭዱ የት ነው?» አሉኝ። ቤት ነው አልኳቸው። «አምጣው» አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሳር እንዲያጭድበት ለአትክልተኛው ሰጡት። ስወጣ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድበት አየሁት፤ «እንዴት ያለ ስለት ነው፣ ጋሼ!» አለኝ።

ትናንት ኦቦ ሚልኬሳ ራሳቸውን እንደጠመጠሙ መጥተው ነበር። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። «ሳር ይዤ የምቆመው ከእንግዲህ እሷ ፊት ነው። የምትመጣበትን ቀን ንገረኝ» ብለውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ድንቄ፣ ስትመጪ በራችን ላይ እርጥብ ሳር ይዘው ቆመው ታገኛቸዋለሽ። እንዳትሸሺ። ወደ ባልሽ ተመለሺ ሊሉሽ አይደለም፤ ይቅርታሽን ሊለምኑ ነው። ጉልበታቸው ቢንቀጠቀጥም እንደ እኔ ቸኩለሽ በርጩማ አታቅርቢ። «ተቀመጡ» ማለትም አለማለትም ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን ያህል አቁሚን። አቁሚን ነው ያልኩት፣ አዎ፤ እኔም ከጎናቸው ነኝ። በዚህች በግራ እጄ የምይዘው ሳር ብቻ ነው።

ጾመ ነነዌ ሳይገባ ብትደርሺ መልካም ነበር። ጂቱ እንገሩን አፍልታ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ አስቀምጣልሻለች። ለጥጃዋም ስም አላወጣሁላትም።

በጨው ውሃ የተደፈቀውን ራስሽን በዮርዳኖስ የተጠመቀው ጌታ ቀና ያድርግልሽ። ሌሊት ስትባንኚ የእናትሽ የያለምወርቅ እጅ ደረትሽ ላይ ይረፍ። ያስጠጋችሽን ሴት እግዚአብሔር ከማታውቀው ደጅ ያስጠጋት። መንገድሽ ደረቅ መሬት ይሁን።

ተቀመጥ እስክትዪኝ ቆሜ የምጠብቅሽ፣

አባትሽ ባጫ