ሲስተር የሰጠችን ሁለት ወረቀት

ሰኞ
ዛሬም አፌን መያዝ አቃተኝ። ሲስተር አልማዝ "ቤቴል፣ እንዴት ከረምሽ?" ስትላት እኔ ቀድሜ "ደህና ናት፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይደክማታል" አልኩ። ሲስተር ሳቀች። "የቤቴል እናት፣ የጠየቅኩት እሷን ነው።"
ልጄ አሥራ ስምንት ሞላት። ስኳር ከያዛት ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምንታከመው ሕፃናት ክፍል ነው። አሁን ወደ አዋቂዎቹ ልትዛወር ስለሆነ ሐሙስ ብቻዋን ገብታ ትጠየቃለች። ራሷን መጠበቅ እንደምትችል ካላሳየች ስድስት ወር እዚያው ሕፃናት ክፍል ትቆያለች። እውነቱን ልጻፍ፤ ብትቆይ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ
ላስጠናት ሞከርኩ። ስኳርሽ ሲወርድ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? መርፌውስ የት የት ይወጋል? "ማሚ፣ ማትሪክ አደረግሽው እኮ!" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ተናደድኩ።
ከሰዓት ላፍቶ ገበያ ሳለሁ እኛ ሰፈር ጀሞ መብራት ጠፋ አሉ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ኢንሱሊኗ! አራት ፎቅ በሩጫ ወጣሁ። እሷ መድኃኒቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ እንዳይሞቅ በውሃ ባራሰችው ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣ ትምህርቷን ታጠናለች።

ረቡዕ
ቤቴል አብራቸው የምትዘምረው የቸርቻችን መዘምራን ጾም ጸሎት ይዘዋል። ስኳር እንዳለባት ቸርች ውስጥ የሚያውቅ የለም። "ለማንም እንዳትናገሪ" ያልኳት እኔው ነኝ፤ ነገ ባል ብታጣስ ብዬ። ለመሪያቸው "ጉንፋን ይዟታል" ልለው ስልኬን ሳነሳ "ተይው፣ ነግሬዋለሁ" አለችኝ።
"ምን ብለሽ?"
"ስኳር አለብኝ፣ በልቼ ነው የምዘምረው ብዬ።"
በሁሉም ፊት! እሱም "ቁርስሽን በልተሽ ነይ" ብሏት ልምምዳቸውን ቀጠሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ስደብቅ የኖርኩት ለዚህ ነው? በራሴ አፈርኩ።

ሐሙስ
ከሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ሆስፒታል ሄድን። ሲስተር እሷን አስገባችና ለእኔም ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ሰጠችኝ። ለእኔ? ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እየሳቅሁ ሞላሁት።
በኋላ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የቤቴል አንድም ስህተት የለውም። እኔ የማታውን የኢንሱሊን መጠን ተሳስቻለሁ! ለካ ባለፈው ወር ስኳሯ ሲወርድባት ራሷ ለሲስተር ደውላ ተቀንሶላታል።
"ነግሬሽ ነበር ማሚ። 'እሺ እሺ' ብለሽ ስልክሽን ማውራት ቀጠልሽ።"
ሲስተር ኮስተር አለች። "ልጅሽ አልፋለች። አንቺ ስድስት ወር ትቆያለሽ።"
እልልታዬን ለቀቅኩት። ጥበቃው "እናት፣ ሆስፒታል ነው እኮ!" ቢለኝም አላቆምኩም። ቤቴል ካርዷን ይዛ ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ስትሄድ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኩ።
አዲሱን መጠን እዚህ ልጽፈው ብዬ ነበር። ይቅር፤ እሷ ታውቀዋለች።