በቴሌቪዥን ያነበብኩት ይቅርታ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አምሃ፣ ድልድዩን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ለመሸገው የልጄ አባት፤

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ኮርተህ እንደሰነበትክ አውቃለሁ። እኔ ደስታ በደስታ ሆኛለሁ፣ የምነግርህም እንዲቆጭህ ነው። ስልኬን ስለማታነሳ በፖስታ ያዘው።

ባለፈው ወር የሀሴት እጮኛ የሶታ እናትና አባት ከጃፓን ድረስ መጥተው፣ ስጦታቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ ሳሎኔ ገብተው ልጅህን ሲጠይቁህ ጢምህን እያሻሸህ «ገና ልጅ ናት፤ አስበንበት እንነግራችኋለን» ብለህ ሸኘሃቸው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል፣ ተመልሶ እንደሚመጣ እኔና አንተ እናውቃለን። እነሱ ከየት ይወቁት? እዚህ የተወለደችው ሀሴት እንኳ እውነት መስሏት፣ «እሱ ሲያባርራቸው አንቺ ራስሽን ነቀነቅሽ» አለችኝ፤ እሱንም በእንግሊዝኛ። ወግ ነው ብዬ ሳስረዳት ሰዎቹ አገራቸው ገብተዋል። ሶታም «እናቴ ደግማ አትጠይቅም» ብሏታል። አንተማ «ከፈለጉ ይመለሳሉ» ብለህ ስልክህን ዘጋህ።

ከሳምንት በኋላ እናትየው ሚዶሪ በስልኬ ረጅም መልእክት ላከችልኝ፣ በጃፓንኛ። የምሠራበት ፓርኪንግ ቤት ውስጥ በእረፍቴ ቋንቋውን እየተማርኩ እንደሆነ ነግሬያት ነበር። አንተ «የመድኃኒት ጠርሙስ ማንበብ አቅቶሽ የጃፓን ፊደል?» ብለህ ስቀህብኛል። ሳቅ እንግዲህ።

አልዋሽህም፣ ፊደሉ ያሳብዳል። የምስር ፍሬ በምታክል ቦታ አሥራ አምስት ጭረት ይታጨቅበታል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ሁለት ጭረት ይኑረው ትንሽ ክብ በመነጽርም አይለይም። በጣቴ ሳሰፋው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ መጀመሪያውን ስይዝ መጨረሻው ይጠፋኛል። የስልኩ አስተርጓሚ አለልሽ አትበለኝ፤ ለእኔ ብላ የጻፈችውን በማሽን አላስነብብም። በመጨረሻ ለኳስ ብለህ ገዝተህ ጥለኸው የሄድከውን ትልቅ ቴሌቪዥን ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። ፊደሉ መዳፌን አከለ። ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ በሦስት ቀን ጨረስኩት።

«ልጃችሁን ለመጠየቅ ሳንበቃ ደፍረን ከሆነ ይቅር በሉን። ከእንግዲህ አናስቸግራችሁም» ይላል።

አየህ? ያለ ጥፋቷ። በጣም አፈርኩብህ። እሺ፣ በራሴም ትንሽ።

ሕፃን ልጅ አማርኛ እንደሚጽፈው ዓይነት ጃፓንኛ፣ «በእኛ አገር የመጀመሪያው እንቢ ክብር ነው። እባካችሁ ደግማችሁ ጠይቁን» ብዬ መለስኩላት። ትናንት መልሷ መጣ። ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በቪዲዮ ደግመው ይጠይቁናል። ሀሴትም ኮል አድርጋኝ አልቅሳ አስለቀሰችኝ፤ ትመጣለች።

ስለዚህ ኮትህን ለብሰህ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ጢም ማሻሸት የለም። «እሺ» ብቻ ትላለህ። ሌላ ቃል ከወጣህ በነሱው ቋንቋ እሰድብሃለሁ፤ ስድብ ገና አልተማርኩም፣ ግን ሳምንት ይበቃኛል።

ሚዶሪ «ባለቤትሽ ደህና ናቸው?» ብላኛለች። ደህና ነው አልኳት። «ተለያይተን ነው የምንኖረው» የሚባልበትን ቃል መማሪያ መጽሐፌ ላይ አይቼው አልፌዋለሁ።

ቁርስ አዘጋጃለሁ፤ ለእንግዶቹ ክብር እንጂ ላንተ አይደለም። አምላክ ልብህን ያለስልስልህ፣ መንገዱንም ከትራፊክ ይጠብቅልህ።

የሀሴት እናት፣
ብርሃነሽ