የጀልባህ ሁለተኛ ቅብ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ወር አለፈ፤ አርባህ ግን ገና አልወጣም። አጎቴ አያ ደምሴ አባትን አንተ ማለት ነውር ነው ይላል። ያስለመድኸኝ ራስህ ነህና አንተ እልሃለሁ።

ቤታችን ጸጥ ብሏል። ወንድሜ ከብሔራዊ ውትድርና አልተመለሰም፤ መሞትህን ይስማ አይስማ አናውቅም። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ለቅሶ የሚደርሰውን ትቀበላለች። ጀልባህም ጣና ዳር እንደ ደፋሃት ናት። ከማድረቂያ ጋር የሚደባለቀውን ያን ሙጫ አንድ ጊዜ ቀብተሃት ነበር፤ ሁለተኛውን ሳትቀባ ሕመም ጣለህ። አያ ደምሴ «ወንድ በሌለበት ቤት ጀልባ ምን ይሠራል? ክረምቱ ገብቶ ሳንቃው ሳይበሰብስ ይሸጥ» አለ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔም እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ፤ በሆዴ ግን አትሸጥም አልሁ።

አርባው ሳይወጣ የሟች ልጅ ደጅ ወጥታ ሥራ እንደማትነካ አውቃለሁ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ማለዳ ወጣሁ። እንዳሳየኸኝ መጀመሪያ በለብታ ውሃ አጠብኋት፤ ሙጫው ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚተወው ቅባት ካልታጠበ አዲሱ ቅብ አይይዝም። ከዚያ ብልጭታዋ ጠፍቶ ፈዛዛ እስክትሆን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኋት፤ አቧራዋንም ጠረግሁ። አንዱን ጎን ቀብቼ ጨረስሁ ስል ፀሐይ ወጣች። ቅቡ በአረፋ ተሞላ፤ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ።

ያኔ ነው አንተ ጠዋቱን ሙሉ ስትፍቅ ውለህ በአሥር ሰዓት የምትቀባው ለምን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። እንጨት ፀሐይ ሲያሞቀው በውስጡ ያለው አየር እየወጣ ቅቡን ያፈላዋል። የሚቀባው መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። ቆርቆሮውን ይዤ ሙጫውን ቶሎ ቶሎ ሳማስል «ቀስ፣ የኔ ልጅ፣ አረፋ አትጋብዢበት» እያልህ ትስቅብኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ግን ሰው ሁሉ ከቀበሌ ስብሰባ በዚያ በኩል የሚመለስበት፣ ለቅሶ ደራሹም የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሰው ፊት ስቆም እጄን የማደርግበት እንደሚጠፋኝ ታውቃለህ። ቢሆንም በማግስቱ ቅቡ ሲደርቅ አረፋውን ፍቄ አስተካከልሁና በአሥር ሰዓት፣ ጥቁር ልብሴን እንደ ለበስሁ፣ ብሩሽህን ይዤ ወጣሁ።

ያልተባልሁት የለም፣ አባዬ። አንዷ «ኧረ እዩልኝ፣ የአባቷ አፈር ሳይደርቅ!» አለች። ሌላው «ቀቢ ሆነችልሃ! ጢምም ታብቅል እንጂ» ብሎ ሳቀ። አያ ደምሴ ከሩቅ እየጮኸ መጣ፤ «አንቺ፣ ግቢ ብያለሁ! ወንድሜን አታሰድቢው!»

ቅብ ከተጀመረ መሐል ላይ አይቆምም፤ ከቆመ መጋጠሚያው ይታወቃል። ብሩሹን እንደገና ነክሬ ቀጠልሁ።

እናቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በርጩማ ይዛ ወጣች። ከጀልባዋ አጠገብ ተቀመጠችና «ለቅሶ የመጣ እዚሁ ይድረሰኝ። ጀልባዋም አትሸጥም» አለችው። አያ ደምሴ ለሚመጣው ሰው መንገድ ለቀቀ። ለቅሶ ደራሾቹ አንድ በአንድ እየመጡ አሸዋው ላይ ተቀመጡ፤ እኔም በመሐላቸው ቀብቼ ጨረስሁ።

ዛሬ መዳፌን ከጀልባህ አፍንጫ እስከ ኋላዋ አሳለፍሁት፤ የያዘው ሸካራ የለም። ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ውሃው ላይዋ ላይ ተንከባልሎ ወረደ። በአርባህ ቄሱንና ዘመዱን ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የምታሻግረው እሷ ናት። የምቀዝፈው እኔ እንደሆንሁ አያ ደምሴ ባለበት ተናግሬአለሁ፤ ድምፄም አልጠፋም።

እኔን ሲያሙ የእገሌ ልጅ እያሉ ስምህን ያነሱታል። ያንሱት። እኔም እስካለሁ ድረስ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ አነሳዋለሁ።

ልጅህ ጥሩወርቅ