በወሩ መውጣት የነበረባት ቱቦ

ጫልዬ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። እዚህ አምቦ ሰው ሁሉ ኦፕራሲዮኑ ገደለው ይላል። እናትህም ከጎጆ ከተማ በመጡ ቁጥር «በጀርባው በስተው ልጄን ጨረሱት» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ዝም እላለሁ። ብናገር የማሳጣው አንተን ነዋ።

ኩላሊትህ አንድ ብቻ መሆኑን ያወቅነው ውስጡ የያዘው ድንጋይ በሕመም መሬት ላይ ሲያንከባልልህ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሆድህን ሳይከፍት፣ በጀርባህ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ድንጋዩን እየፈረካከሰ አወጣልህ። በአራተኛው ቀን በእግርህ ወጣህ። ሲሸኘን ግን ለሁለታችንም ነግሮን ነበር፦ «ሽንት እንድታሳልፍ ውስጥ ያስቀመጥናት ቀጭን ቱቦ በወሩ ትውጣ። ከተረሳች ድንጋይ ትይዛለች። ኩላሊቱ ደግሞ መተኪያ የለውም።»

በቀጠሮህ ቀን ትምህርት ቤት ተማሪዎቼን ስለምፈትን ብቻህን ሄድክ። ስትመለስ «አወጡልኝ፣ ምንም አላመመኝም» አልከኝ። እኔ ሞኟ ተመስገን ብዬ ጎረቤት ጠርቼ ጋበዝኩ። አንተም አብረህ በላህ።

ከዓመት በላይ ደህና ነበርክ። ከዚያ ትኩሳት ያዘህ፤ ሽንትህም ጠፋ። ራጅ ሲያነሱህ ቱቦዋ ድንጋይ ለብሳ እዚያው ናት። ሐኪሙ የተቆጣው እኔን ነው፤ አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። በቀጠሮህ ቀን መንገድ ተዘግቶ ከጊንጪ፣ ከግማሽ መንገድ፣ እንደተመለስክ፣ እንዳልጨነቅ እንደዋሸኸኝ፣ ሳያምህ ሲቀር እንደተውከው ያኔ ነገርከኝ። «ይቅር በይኝ» አልክ። ሲሻለው እጣላዋለሁ ብዬ ይቅርታዬን አቆየሁት። ኢንፌክሽኑ ወደ ደምህ ገብቶ ነበርና በማግስቱ ሞትክ።

ልጃችን ሌንሴ ጉደር ካምፓስ ገብታለች። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም።

ባለፈው እሑድ እናትህ ጎናቸውን ይዘው መጡ። የእሳቸውም ድንጋይ ነው። «ልጄን የገደሉበት ቦታ አልሄድም፣ እዚሁ ልሙት» አሉ። ሌንሴ አየችኝ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ኢልመኮ… ልጄ ዋሸሽ?» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ወዲያ በደንብ አላናገሩኝም። ግን ትናንት አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ፤ አልጋ ይዘዋል።

ይህን የምጽፍልህ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ስምህን አጎደፍኩት፤ ብትቆጣም ተቆጣ። ሰው እንደሚያሳምርህ ሳይሆን፣ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ። እስክሞት።

ባለቤትህ