“አክሽን” የተደረገው የደረጃ ብረት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግርሃል? እማዬስ ከአዲሱ መነጽሯ ጋር ታረቀች ወይስ እንደ ልማዷ ግንባሯ ላይ ሰቅላው ቤቱን ሁሉ ስትፈልገው ትውላለች? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ለወግ ያህል አይደለም፤ እንቅልፌም ምግቤም አልጎደለም። የክፍሌ መስኮት ብቻ አሁንም አልዘጋ ብሎኛል፤ ጋዜጣ አጥፌ ሸጉጬበታለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። “ነገሩ ከመክረሩ በፊት ይቅርታ ቢጠየቅ መልካም ነው” ብለሃል። ማን ማንን እንደሚጠይቅ ባትጽፈውም ገብቶኛል። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የምትለዋንም ጨምረህበታል። ጓደኛህ ግን ንጉሥ አይደለም፤ የሕንፃ አስተዳዳሪ ነው። ሥራውን ያስገኘህልኝ አንተ ነህና ውለታህን አልረሳም። ለዚህም ነው ነገሩን ከእሱ አፍ ብቻ ሰምተህ እንዳትቀር ከሥር ከመሠረቱ የምጽፍልህ።

እንደምታውቀው ሥራዬ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ማርቀቅ ነው። የሕንፃዎቹ ባለቤቶች ባሕር ማዶ ስለሆኑ እኛ ቤት አምፖል እንኳ የሚቃጠለው በእንግሊዝኛ ነው። ጓደኛህ ደግሞ አንድ አመል አለው፤ ያገኘውን የእንግሊዝኛ ስም ሁሉ ግስ ያደርገዋል። ሥራ አይሰጥም፣ “ታስክ” ያደርጋል። ለውጥ አያመጣም፣ “ኢምፓክት” ያደርጋል። ሰው ሲያባርር “ኤግዚት” ያደርጋል፤ ሰውየው በገዛ እግሩ በር ከፍቶ የወጣ ይመስላል።

“ሰዋስው አጥባቂ ናት፣ ለአንድ ነጠላ ሠረዝ ሰው ትገድላለች” ብሎ ነግሮሃል አሉ። ሐሰት ነው። ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው ስብሰባ መምራትን “ቼር” ብለው ከወንበር፣ ማቀበልን “ሃንድ” ብለው ከእጅ አውጥተው ይጽፋሉ፤ በመደበኛ ጽሑፍም ማንም አይነቅፋቸውም። እኛም ከመርዝ መረዘ፣ ከቅመም ቀመመ እንላለን። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው እስከታየኝ ድረስ ግሱ ከየትም ይምጣ፣ ጠብ የለኝም። ጠቤ ሰውየው ሲጠፋ ነው።

ደረጃ የምታጸዳ አንዲት ሴት አለች፤ እትዬ ሳቂታ እንላታለን። ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ፎቅ በሚወስደው ደረጃ ላይ የመደገፊያው ብረት ሲነቃነቅ አይታ ለተቆጣጣሪው ነገረችው። ደግማም ነገረችው። “ይሄ ብረት እንደ ልጅ ጥርስ እየተነቃነቀ ነው፤ አንድ ቀን ከነሰው ይወልቃል” አለችው። እሱም አቤቱታዋን ጽፎ “ለአክሽን” ብሎ ወደ ጥገና ክፍል መራው። ጥገና “ለአክሽን” ብሎ ወደ ግዢ፣ ግዢ “ለአክሽን” ብሎ ወደ ጓደኛህ፣ ጓደኛህም “ለአክሽን” ብሎ መልሶ ወደ ተቆጣጣሪው። በእኛ ቢሮ ወረቀት ከጠረጴዛህ ላይ ከተነሣ ሥራው አለቀ ማለት ነው። አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሁሉም ፊርማ ያምራል። ብረቱ ግን አንድ ጧት ወለቀና ይዟት ወረደ። ዳሌዋ ተሰበረ።

የአደጋውን ሪፖርት ጓደኛህ ራሱ ጻፈና እንዳስተካክለው ሰጠኝ። “አቤቱታው በወቅቱ አክሽንድ ሆኗል” ይላል። ቀጥሎ ሠራተኛዋ የሚያንሸራትት የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ እንደነበር በሰፊው ያትታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እንዲህ ሆኖ ከተላከ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፤ ድርጅቱም አያሳክማትም። ቢሮው ገብቼ “አክሽንድ ማለት ማን ምን አደረገ ማለት ነው?” አልኩት። “አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ፎርማል እንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ውስጥ ማን የሚባል ነገር አይገባም” አለኝ። ሆን ብሎ የዋሸ አይመስለኝም። ወረቀቱ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ዞሯል፤ ለእሱ ተግባር ማለት ያ ነው። ከውሸታም ይልቅ እንዲህ ያለው ሰው ያስቸግራል፤ ብታፋጥጠው እንኳ አያፍርም።

እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። የአደጋ ሪፖርት ከመላኩ በፊት አርቃቂው ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቆሞ ያነበዋል፤ እንግሊዝኛ ለማያውቀውም እዚያው በራሳችን ቋንቋ ይተረጉመዋል። እትዬ ሳቂታ ከአልጋ መነሣት ስለማትችል እህቷ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። “አክሽንድ” የምትለዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። “ይህችን ለእህትየው ልተረጉምላት ነው። የብረቱን ነገር ስትሰሙ ማን ምን እንዳደረገ ይነገረኝና ልቀጥል” አልኩ። ተቆጣጣሪው የጥገናውን ኃላፊ አየ፤ የጥገናው ኃላፊ ግዢውን አየ። ከኋላ የተቀመጠው ብረት በያጁ “ኧረ ለኔ የነገረኝ የለም እንጂ ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነበር” አለ። አንዱ “ዝም በል፣ አንተን ማን ጠየቀህ?” ቢለው “እኔስ የምለው እሱን አይደል? ማንም አልጠየቀኝም” ብሎ መለሰለት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እህትየው አልሳቀችም። እኔም ወደ እሷ ዞሬ “ወረቀቱ ‘ተፈጽሟል’ ይላል። እውነቱ ግን ነግራን ነበር፤ ሰማን፤ ምንም አላደረግንም” አልኳት።

ከዚያ በኋላ ጓደኛህ ለአንተም ለባለቤቶቹም “እንግሊዝኛው አልዘለቃትም፤ ቃሉ ሳይገባት ተረጎመችው” ብሎ ጻፈ። ባለጌ ቢለኝ ኖሮ ሰምቼ አልፈው ነበር። አላዋቂ ማለቱን ግን አላልፈውም፤ ስንት ሻማ ጨርሼ እንደተማርኩ አንተ ታውቃለህ። ከዚያም የተዘጋጀ የይቅርታ ወረቀት አቀረበልኝ፤ ቃሉን ባለመረዳቴ የተፈጠረ ስህተት ነው የሚል፣ ፊርማ ብቻ የቀረው። ብፈርም ጠረጴዛዬ ላይ እቆያለሁ፤ የእትዬ ሳቂታ ጥፋተኝነት ግን በእኔ እጅ ይጸድቃል።

አልፈረምኩም። በእሱ ፋንታ ለእህትየው ያልኳትን ለባለቤቶቹ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ስሜን ከሥሩ አኖርኩ። ነግራን ነበር፤ ሰማን፤ ምንም አላደረግንም። ፊደል የቆጠረ ሕፃን የሚገባው እንግሊዝኛ ነው፤ አልዘለቃትም እንዳይሉኝ ብዬ እንኳ አላስጌጥኩትም። ጓደኛህ ግልባጩ በደረሰው ማግስት አባረረኝ። በሥራ መልቀቂያዬ ላይ “ኤግዚት ተደርጋለች” ይላል። መቼም አመሉ ነው።

እትዬ ሳቂታን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። “አንቺ ደግሞ ምን አንቀለቀለሽ? እኔ ከደረጃ ብወድቅ አንቺ ከወንበር ወደቅሽ?” ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ዳሌዋን ሲያማት እየተሳደበች አቆመች። ባለቤቶቹ እስካሁን መልስ አልሰጡም። ሰው ልከው ደረጃውን ፎቶ አስነሥተዋል ይባላል፤ ማን እንዳለው ስለማላውቅ ግን እንደ ወሬ ያዘው። እኔ ለጊዜው አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ እስክሪብቶዬ ግን አይቆምም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ወዶኛል።

ይቅርታ ስለመጠየቁ መልሴ ይኸው ነው፤ አልጠይቅም። በአንተና በጓደኛህ መካከል ቅሬታ ቢገባ አዝናለሁ፤ ግን እኔ አላስገባሁትም።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ እጅጌው ቢረዝምም ያሞቃል። ትልቁ ልጅህ እንግሊዝኛ እንዳስጠናው ጠይቆኝ ነበር፤ አሁን ጊዜ ስላለኝ ድርሰቱን ይላክልኝ። ትንሿን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም በልልኝ፤ የሰፋልኝ ቀሚስ ዘንድሮም አልተተረተረም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። የኔን ነገር እንደምትነግራት አውቃለሁ። “ሥራ ለቀቀች” እንዳትላት፤ አልለቀቅሁም። “ሳይስማማት ቀረ” እንዳትላትም። “ጓደኛዬ አባረራት፤ እኔም ይቅርታ ጠይቂው ብያት ነበር” በላት። ከዚያ የምትልህን ጻፍልኝ።

እህትህ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከማይዘጋው መስኮት ሥር
ኅዳር 6 ቀን