ስለ ኮባና ስለ ብቃት

ጥር 12 ቀን 1972 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ

ለክቡር ጓድ ሸዋንዳኝ ፈቃደ
የደጋ ማሳ ለውጥ ዘመቻ አስተባባሪ

ጉዳዩ፦ በታዘዝኩት መሠረት ግለ ሂሴን ስለ ማቅረብ

ክቡር ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት እንዳይዳፈርዎት፣ የሲቀላ ሰፈር ትንኝ ባለሥልጣንን ከተራ ሰው ለይታ እንድታውቅልዎት፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው እንዲመችዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ መዝፈን ከተከለከልኩ ወዲህ ጉሮሮዬ ስላረፈ እጅግ ደህና ነኝ፤ ምስጋናው ለእርስዎ ነው።

ይህን የምጽፈው በራሴ ድፍረት እንዳይመስልብዎት። ኅዳር ላይ በጨንቻ መድረክ ማይክሮፎኑን ከእጄ ከወሰዱ በኋላ፣ ጥፋቴን በዝርዝር አምኜ እንድጽፍና ሰፊው ሕዝብ እንዲያነበው በሲቀላ አዳራሽ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንድለጥፍ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ካልጻፍኩ ከኪነት ቡድኑ እንደምሰረዝና «ሌላም እርምጃ» እንደሚከተል ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ገልጸውልኛል። ታዛዥ ነኝና ጻፍኩ። ርዝመቱን ስላልወሰኑልኝ ግን ወረቀቱ ቢበዛ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ግድግዳው ሥር ቆሞ ለሚያነበው ሰው ራሴን ላስተዋውቅ። ጽጌሬዳ ዘካሪያስ እባላለሁ፤ የከተማችን የኪነት ቡድን ድምፃዊት ነኝ፣ ወይም ነበርኩ። ድምፄ ሁለት ጊዜ በሬዲዮ ስለተላለፈ ከሳውላ እስከ ጂንካ ያለ ሰው መልኬን ባያውቅ ድምፄን ያውቃል። የተወለድኩት ጨንቻ ነው። መዝፈን የለመድኩትም እዚያው፣ እናቴ ወይዘሮ ማሚቱ እጄን ይዛ በምትወስደኝ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ በመዘምራን መካከል ነው። ያ ጸሎት ቤት ዛሬ የዘመቻዎ የዘር ስንዴ መጋዘን ሆኗል። ጣሪያው እንዳያፈስ ስላሳደሱልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። ኅዳር ላይ ማይክሮፎኑን ተቀብለው ለሕዝቡ የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ዘፋኝ ስለ እርሻ ምን አገባት? አመራር ብቃት ይጠይቃል። ታዋቂነት ብቃት አይደለም።» ይህ ቃል እውነት ስለሆነ በሙሉ ልቤ ተቀብዬዋለሁ። ያሳዘነኝ ዘግይቶ መምጣቱ ብቻ ነው፤ በየካቲት ቢናገሩት ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር።

አንደኛ። ብቃት በሌለኝ ጉዳይ ለሁለት ዓመት አስተያየት ሰጥቻለሁ። ስለ ናሚቢያ ትግል ዘፍኛለሁ፤ ናሚቢያ በየት በኩል እንዳለች ግን ያኔም አላውቅም፣ አሁንም አላውቅም። ስለ አባያ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ዘፍኛለሁ፤ ዋና አልችልም። ስለ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ እንኳ ሦስት ስንኝ አለኝ፣ በቤታችን ያለው ብረት ግን አንድ ቢላዋና አንድ መጥረቢያ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የትምህርት ማስረጃ አምጪ ያለኝ የለም፤ እርስዎ ራስዎ ከፊት ወንበር ሆነው ያጨበጭቡልኝ ነበር። ብቃቴ የተጠየቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ስፍቀው ስላደግኩት ተክል ሁለት ስንኝ ባወጣሁበት ቀን ነው። ከዚህ የተማርኩት፣ ዘፋኝ ስለማያውቀው ነገር ሲዘፍን አርቲስት፣ ስለሚያውቀው ነገር ሲዘፍን ፀረ ሕዝብ መሆኑን ነው።

ሁለተኛ። ይኼኛው ከባዱ ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ።

የካቲት 1971 ዓ.ም. ዘመቻውን ለማስጀመር ወደ ጨንቻ ይዘውን ሲወጡ፣ ከዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ጭጋጉ ገለጥ አለና እንሰቱን አዩ። ይህ ተክል በእርስዎ አገር በግቢ ጥግ አንድ ሁለት ሆኖ የሚቆም፣ ቅጠሉ የበዓል ዳቦ የሚጠቀለልበት ኮባ መሆኑን አስረዱን። እውነት ነው፤ በእርስዎ አገር እንደዚያ ነው። ይህ ሕዝብ ምን ያህል ዳቦ ቢጋግር ነው ይህን ሁሉ መጠቅለያ የሚተክለው ብለው ሲገረሙ ሾፌሩን ሳል ያዘው። እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ምግባችን እሱ ራሱ መሆኑን፣ ቆጮውም ከእሱ እንደሚወጣ፣ ዝናብ ቢቀርም ባይቀርም ሳይሞት ቆሞ የሚጠብቀን እሱ ብቻ መሆኑን ልነግርዎት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ስድስት ወር ውጭ አገር ተምሮ የመጣ መሪ ሲናገር የዘፋኝ ነገር ምን ይሆናል ብዬ ነው። እንግዲህ ክቡር ጓድ፣ ብቃትዎን ከሁሉ በፊት ያከበርኩት እኔ ነኝ።

እዚያው መኪና ውስጥ፣ ጉልበትዎ ላይ ወረቀት አስደግፈው መፈክሩን ጻፉ፦ «መጠቅለያው ይነቀል፣ ዳቦው ይተከል!» አዝማች አድርጊው ብለው ሰጡኝ። አደረግሁት። ዜማ አበጀሁለት፤ እናቴ ከፊት ረድፍ ቆማ እያየችኝ ዘፈንኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርምልዎት እወዳለሁ። በሪፖርትዎ ላይ አርሶ አደሩ «በአመራሩ ቅስቀሳ ተነሳስቶ» እንሰቱን እንደነቀለ ተጽፏል አሉ። ሕዝቡ የሁለት ሰዓት ንግግርዎን በትዕግሥት ካደመጠ በኋላ ቤቱ ገብቶ ሊረሳው ተዘጋጅቶ ነበር። አማርኛው ለብዙው ሰው ከባድ ነበር፣ የገባውም ሰው የሰማውን ማመን አቅቶት ነበር። እኔ ግን ያንኑ በጋሞኛ ደገምኩት፣ ያውም በሠርግ ዜማ። በማግስቱ መንቀል ተጀመረ። የተነቀለው በእኔ ታዋቂነት እንጂ በእርስዎ ብቃት አይደለም፤ ይህን ክብር ከእኔ ላይ ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ፣ ግን ይመልሱልኝ፤ የእኔ ነው፣ ልሸከመው ይገባኛል።

እናቴ ስልሳ እንሰት ነበራት። አርባውን ነቀለች፤ ለምን ስላት ልጄ በሰው ፊት የተናገረችውን እኔ እንዴት ላፍርስባት አለችኝ። ጎረቤታችን አቶ ኦይታ አንድም ሳያስቀር ነቀለ። ኦይታን እርስዎ አያስታውሱትም፤ ያን ዕለት የመቀመጫ ሣር ያነጠፈልዎት ሽማግሌ ነው። በልጅነቴ ጸሎት ቤት ስዘምር አልቅሶ ያውቃል፤ ይህች ልጅ አትዋሽም ይል ነበር።

ስንዴው በቀለ፤ አማረም። ነሐሴ ላይ ዋግ መታው። ስንዴ ሲጠፋ ለሚመጣው ዓመት ይዘራል፤ እንሰት ግን ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል፣ ሆድ ደግሞ እስከ ማታ እንኳ አይጠብቅም። ኦይታ በስተርጅናው ወደ ምዕራብ አባያ ቆላ ወርዶ የቀን ሥራ ገባ። የደጋ ሰው ለወባ እንግዳ ነው። ጥቅምት ላይ በቃሬዛ አምጥተውት ቀበርነው። በለቅሶው ባለቤቱ ሻሺቱ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ አጠገቧ አስቀምጣ እኔኑ አጽናናችኝ። ክቡር ጓድ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጠላዎታለሁ። ግለ ሂስ ያለ እውነት አይሆንምና ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ሦስተኛ። ከቀብሩ በኋላ ወር ሳይሞላ የዘመቻውን ውጤት የሚጎበኙ ልዑካን ከአዲስ አበባ ይዘው መጡ። በጨንቻ ድንኳን ተጥሎ ምሳ ተበላ። በቅቤ የተለወሰ ነጭ ገንፎ ቀረበ። እርስዎም ተነስተው፣ ይህ ዘመቻው ያፈራው የመጀመሪያው ስንዴ ነው፣ ንጣቱን እዩት፣ ጣዕሙን ቅመሱት ብለው አስረዱ፤ ለራስዎም ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። ከዱቄቱ ሁለት ኪሎ በከረጢት አሽገው፣ «የጨንቻ የስንዴ ምርት ናሙና» ብለው ጽፈውና ፈርመው ለልዑካኑ አስረከቡ። ውጤቱ ይህን ያህል ካማረ በሚመጣው የካቲት ሁለተኛው ዙር ይጀመር፣ የቀረው ኮባ ሁሉ ይነቀል ተብሎ እዚያው ተወሰነ። ከዚያ እኔ መፈክሩን እንድዘፍን ወደ መድረክ ተጠራሁ።

የቀረው የሚባለው ውስጥ የእናቴ ሃያ እንሰት አለ። ሻሺቱ የምትበላውም ከዚያው ነው። ስለዚህ አዝማቹን ረሳሁትና በቦታው ይህን አልኩ፦

«ዳቦ መጠቅለያ ነው አሉልን ኮባ፣
ኦይታ ተጠቅልሎ አፈር ውስጥ ገባ።»

ሁለት ስንኝ ነው፤ ሦስተኛውን እርስዎ አላስጨረሱኝም። ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ ከመቀመጫው ተነስቶ ቆመ። እርስዎ ይህን ለእርስዎ ክብር የተደረገ መስሎዎት እጅዎን አውለበለቡ። እኛ ዘንድ ሰው ዝም ብሎ የሚቆመው የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ነው።

አራተኛ። ብቃትን በሚመለከት። ሰው መጠየቅ ነውር አይደለምና ጠየቅሁ። ከስድስት ወሩ ትምህርት በፊት የአንድ ልብስ መጋዘን ጸሐፊ እንደነበሩ፣ ሸቀጥ እየጠቀለሉ በመላክም እጅግ የተመሰገኑ እንደነበሩ ተነግሮኛል። ስለ መጠቅለያ ያለዎት ጥልቅ ዕውቀት ከየት እንደመነጨ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ መሪ ብቃቱ የሚታወቀው ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በዱቡሻ ሜዳ ነው። መጀመሪያ ይመርቃል፣ ቀጥሎ ይሰማል፣ ከሁሉ መጨረሻ ይናገራል፤ ያጠፋ እንደሆነም የሾመው ሕዝብ ያወርደዋል። ወረቀት አይሰጠውም። እርስዎ ወረቀቱ አለዎት፤ የቀረዎት መመረቁና መስማቱ ብቻ ስለሆነ ብዙም አልጎደለብዎትም።

በበኩሌ ጥፋቴን አምኛለሁ። ታዋቂነት ብቃት አይደለም፤ ድምፄን ሰምቶ ጓሮውን የነቀለ ሰው ሁሉ ይህን ግድግዳ አንብቦ ይፍረድብኝ። ነገር ግን ወንበርም ብቃት አይደለም። ስለዚህ ሁለታችንም ላይ አንድ ሕግ ይውጣ፦ እንሰትን በዓይኑ አይቶ ከኮባ፣ በአፉ ቀምሶ ከስንዴ መለየት ያልቻለ ሰው፣ ዘፋኝም ይሁን አስተባባሪ፣ ስለ ጨንቻ ማሳ አይናገር። ለፈተናው ዝግጁ ነኝ። እርስዎ ግን ሳያውቁት አንዱን ክፍል ተፈትነው ጨርሰዋል፤ ውጤቱን ከፊርማዬ በታች ያገኙታል።

የካቲት ሊገባ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። የምጠይቅዎት ማይክሮፎኔን እንዲመልሱልኝ አይደለም። ሁለተኛው ዙር ይቅር፤ የእናቴም ሃያ ቆመው ይደሩ። «ሌላ እርምጃ» ላሉት ደግሞ ጋቢዬን ጠቅልዬ በር ሥር አስቀምጫለሁና ሲመጡ እንዳይቸኩሉ፣ ቤቴ ሴቻ ሰፈር ነው፣ ማንም ያሳይዎታል።

የማይነቀል ጤና፣ ዋግ የማይመታው ሥልጣን፣ በመጠቅለያ የማይሸፈን ስም እየተመኘሁልዎት፣ በታላቅ ትሕትናና በእርስዎው ትእዛዝ ይህን ግለ ሂስ ያቀረብኩ፣

ጽጌሬዳ ዘካሪያስ
ብቃት የሌላት

ግልባጭ፦
ለሲቀላ አዳራሽ የግድግዳ ጋዜጣ
በኅዳር ወር ጨንቻ ድረስ መጥተው ገንፎ ለበሉት ልዑካን
ለወይዘሮ ሻሺቱ፣ በቃል ይነበብላቸው

ተጨማሪ ማስታወሻ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እርስዎ በልተዋልና አይቆጭዎትም፤ የበሉትን ግን ሊያውቁት ይገባል። ያን ዕለት በጨንቻ፣ መጋዘንዎን ጨምሮ፣ አንድ ቁና ስንዴ አልነበረም። ሰዎችዎ እናቴ ዘንድ መጥተው፣ እንግዳ እየመጣ ነውና ነጭ የሆነ ነገር ሥሪ ብለው አዘዟት። ያቀረበችልዎት ቡላ ነው፤ እንሰት ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ውሃው ሲረጋ ከታች የሚቀረው ነጩ ዱቄት። በመፈክርዎ ከተነቀሉት ከአርባዎቹ የወጣ ነው። ፈርመው የላኩት ሁለት ኪሎ ናሙናም እሱው ነው። ልዑካኑ ካላመኑ ከረጢቱን ከፍተው በአዲስ አበባ ገበያ የሚያገኟትን ማንኛዋንም ቡላ ሻጭ ያስሸትቷት፤ ስድስት ወር አይፈጅባትም። ይህን ሁሉ ጨንቻ ወጥቼ ለእናቴ ሳነብላት የቀሩትን ሃያውን ቆማ አየቻቸውና፣ ከመካከላቸው ሥሩ ተቀቅሎ ለስብራት የሚበላ አንድ መኖሩን አስታወሰችኝ። «እሱን አትነኩብኝ፤ ለጓድ ሸዋንዳኝ ነው ያቆየሁት» አለች። «ከዛፍ የወደቀ በወጌሻ ይድናል። ከወንበር የወደቀ ነው እንሰት የሚያስፈልገው።»